የእናቴ ጓሮ በድርቁ ዓመት፦ ከ225 ሊትር ወደ 85

እናቴ የምትኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት አካባቢ። ከቤቱ ጀርባ 40 ካሬ የሚሆን ጓሮ አላት። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ሰላጣ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ትተክላለች። አጥሩ ጥግ ጌሾና ጤና አዳም አለ። መሃል ላይ ደግሞ ያኔ ሁለት ዓመት የሞላው አቮካዶ ነበር።

እዚህ የምጽፈው ከጥር እስከ ሚያዝያ 2008 ዓ.ም. በዚያ ጓሮ የሆነውን ነው። ምን እንደሞከርን፣ የቱ እንደሠራ፣ የቱ እንደከሸፈ፣ ስንት ሊትር እንደፈጀ በደብተር ይዤ ነበር። አሁን ደብተሩን ገልጬ ነው የምጽፈው።

ዓመቱን ታስታውሱታላችሁ። የ2007 ክረምት ብዙ ቦታ ላይ ሳይዘንብ ያለፈበት ነው። ምክንያቱ ኤልኒኖ ነበር። የፓስፊክ ውቅያኖስ የላይኛው ውሃ ከወትሮው ሲሞቅ የእኛ የክረምት ዝናብ ይዳከማል። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ጠብቋል። አፋርና ሶማሌ ክልል ውስጥ የአርብቶ አደሩ ከብት አልቋል። የአንድ ቤት ጓሮ መጠውለግ ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ይህን ሳልል ወደ ጎመን መግባት አልፈልግም። ቢሆንም እናቴ የጾም ወጧን የምታወጣው ከዚያ ጓሮ ነው። የጎረቤት ልጆችም ጎመን የሚቀጥፉት ከዚያው ነው። ለእሷ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ውሃው ፈረቃ ነበር። ሳምንት አንድ ሌሊት ይመጣል፣ 2,000 ሊትር የሚይዘው ሮቶ ይሞላል፣ እስከሚቀጥለው ሳምንት በዚያ መኖር ነው። አዲስ አበባ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው የምትጠጣው። የአቃቂ ጉድጓዶች ለእኛ ሰፈር ሩቅ አይደሉም። ቧንቧው ግን ሳምንቱን ጠብቆ ነው የሚንጠባጠበው።

ከጥምቀት በኋላ እናቴ ደወለች። «ሮቶው ከአምስት ቀን አላልፍ አለኝ፤ ጓሮውም እየሞተ ነው» አለችኝ። በጋሪ የሚዞረውን ውሃ በጀሪካን መግዛት ጀምራ ነበር። ቅዳሜ ሄድኩ።

ስደርስ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ጎማውን ይዛ ታጠጣለች። ቱሉ ዲምቱ ሜዳ ስለሆነ ነፋሱ አይጣል ነው። ከጎማው የሚወጣው ውሃ ግማሹ መሬት ሳይደርስ ሲበተን በዓይኔ አየሁ። ቅጠሉ ይረጥባል፣ መንገዱ ይረጥባል፣ የአጥሩ ቆርቆሮ ሳይቀር ይረጥባል። እሷ ግን ልቧ ሙሉ ነው። ቅጠሉ ሲያብረቀርቅ የጠጣ ይመስላታል። እኔም እዚያ ቆሜ ሳለሁ የጠጣ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግኩት መለካት ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጎማው ሞልቼ ሰዓት ያዝኩ። 80 ሰከንድ ፈጀ። ስለዚህ በደቂቃ 15 ሊትር ነው። እሷ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ታጠጣለች። 225 ሊትር ማለት ነው። ቤቱ ደግሞ ለምግብ፣ ለልብስ፣ ለገላና ለሽንት ቤት በቀን 170 ሊትር ያህል ይፈጃል። ሁለቱን ደምሩት፦ 395። 2,000 ሊትር ለ395 ስታካፍሉት አምስት ቀን ነው። ሮቶው አላፈሰሰም፣ ቆጣሪውም አልተበላሸም። ሒሳቡ ራሱ ነው የደረቀው።

ግራ ያጋባኝ ሌላው ነው። በበጋ በእኛ አካባቢ አትክልት የለበሰ አንድ ካሬ መሬት በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ለአየር ይሰጣል፤ ከአፈሩም ከቅጠሉም ተደምሮ። ለ40 ካሬ ቢበዛ 200 ሊትር ቢጠጣ ይበቃዋል ማለት ነው። እናቴ 225 እየሰጠችው ነው። ታዲያ ለምን ጠወለገ?

የሽንኩርት ቢላ ተቀብያት ጎመኑ ሥር ተንበረከክኩ። ካጠጣችው ግማሽ ሰዓት አልሆነም። ቢላው ሁለት ጣት ያህል በቀላሉ ገባና ቆመ። ከዚያ በታች ጡብ ነው። ቁራሹን ፈንቅዬ አወጣሁት። ላዩ እንደ ቸኮሌት የለሰለሰ እርጥብ ጥቁር፤ ታቹ ግራጫ፣ ደረቅ፣ በጥፍር ብትፍቀው የማይነቃነቅ። ከጎኑ ደግሞ መሬቱ ተሰንጥቋል። የመጥረጊያውን እንጨት አምጥቼ ስንጥቁ ውስጥ ሰደድኩት። ከክንዴ በላይ ገባ። ውሃው ወይ ላይ ቀርቶ ነገ ጠዋት ይተናል፤ ወይ በስንጥቁ ወርዶ የጎመን ሥር ከማይደርስበት ይጠፋል። መሃል ላይ፣ ሥሩ ያለበት ቦታ ግን ጠብ ያለለት ነገር የለም።

ከጎን ያሉት ጋሼ በአጥሩ በኩል ያዩኝ ነበር። ከተማው ሳይደርስባቸው በፊት አቃቂ አካባቢ ጤፍና ሽምብራ ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ምን እየፈለግክ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ውሃው የት እንደሚሄድ እያየሁ ነው።»

«ይኼ ጥቁር አፈር ዋልካ ነው፤ ሲጠማ አፉን ይከፍታል። አፉን ሳትዘጋ ብታጠጣው ሆዱ አይሞላም፤ ዝም ብሎ ያልፋል። ቀድመህ ኮትኩተው።»

ከዚያ ስለ ሽምብራ ነገሩኝ። ሽምብራ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተዘርቶ፣ ከዚያ ወዲያ ዝናብ ሳያይ በመሬቱ ርጥበት ብቻ ይደርሳል። ዋልካ ውሃ የመያዝ አቅሙ ትልቅ ነው። አንዴ እስከ ሆዱ ከጠጣ ቶሎ አይለቅም። ችግሩ ማስጠጣቱ ላይ ነው። ያን ቀን ስለ ጓሮው ያለኝ ሐሳብ ተገለበጠ። እኔ ሌላ ሮቶ ልገዛ አስቤ ነበር የሄድኩት።

የሚተርፈውንና የማይተርፈውን መለየት

ማታ ከእናቴ ጋር ቡና እየጠጣን ሒሳቡን ሠራን። ሮቶው ሰባት ቀን እንዲደርስ ከተፈለገ በቀን 285 ሊትር ነው ያለን። ለቤት 170 ብናነሳለት ለጓሮ 115 ይቀራል። በ115 ሊትር 40 ካሬ ማጠጣት አይቻልም። ስለዚህ አንዳንዱን መተው ነበረብን።

ይህ ከሁሉም የከበደው ክፍል ነው። ስለ ጓሮ የሚጻፉ ምክሮች ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ማዳረስ ፍትሐዊ ይመስላል። ለአትክልት ግን ትንሽ ትንሽ ውሃ ማለት ሁሉንም ቀስ እያሉ መግደል ነው። ሥሩ ውሃ ፍለጋ ወደ ላይ ይመጣል፣ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ይጠብቀዋል።

ሰላጣው ይቅር አልን። ቅጠሉ ስስ ነው፣ ውሃ ይወዳል፣ ሙቀት ሲበዛበት ደግሞ አብቦ ይመራል። ካሮቱን ጣት ጣት እያከለ ቢሆንም ነቅለን በላነው። በሩ አጠገብ ያለው ሣር እንዲደርቅ ተውነው። ሣር ቢጫ ቢሆንም ሥሩ አይሞትም፣ ዝናብ ሲመጣ ይመለሳል። ጎመንና ቆስጣ ይኑሩ፤ ከታች ከታች እየተቀጠፈ ለወራት ይበላል፣ ዓቢይ ጾምም እየመጣ ነው። ቲማቲምና ቃሪያ ይኑሩ። አቮካዶው የግድ ይኑር፤ እሱ ከሞተ የሁለት ዓመት ድካም ነው። በጠቅላላው ከ40 ካሬ ወደ 24 ወረድን።

ጌሾው ላይ ተከራከርን። እናቴ በየቀኑ አንድ ባልዲ ትሰጠዋለች። የማኅበሯ ተራ ሲደርስ ጠላ የምትጠምቅበት ስለሆነ ነፍሷ ነው።

«እማዬ፣ ጌሾ እኮ ሥሩ ጥልቅ ነው፤ ባታጠጪውም ይቆያል» አልኳት።

«ቢሞትስ?»

«በሁለት ሳምንት ቅጠሉ ከረገፈ በጀሪካን እኔ ራሴ አመጣልሻለሁ።»

አልረገፈም። እስከ ዝናቡ ድረስ አንድ ጠብታ ሳያገኝ አረንጓዴ ሆኖ ቆየ። ጤና አዳሙም እንደዚያው።

አፉን መዝጋት

እሁድ ጠዋት ኩትኳቶ ያዝን። የላይኛውን አፈር ሦስትና አራት ጣት ያህል እየፈረፈርን ስንጥቁን በፍርፋሪው ሞላነው። ይህ ብቻውን ትልቅ ለውጥ አለው። ስንጥቅ ማለት አየር እስከ ታች ገብቶ አፈሩን የሚያደርቅበት መስኮት ነው። ከዚያ በየጎመኑ ዙሪያ እንደ ሰሃን ጎድጓዳ አበጀን፤ ውሃው ወደ መንገድ እንዳይሸሽ።

አፈሩን መልበስ ቀጠለ። ጭድ ፈለግኩ። ግን በዚያ ዓመት ጭድ የከብት ነፍስ ነበር፣ ዋጋውም ንሮ ነበር። ለጓሮ ብዬ መግዛቱ ሆዴን በላው። እናቴ ናት መላውን ያመጣችው። ለጥምቀትና ለየቡናው የጎዘጎዘችውን ሣርና ቄጤማ ጠርጋ ጥግ ላይ ከምራው ነበር። ጎረቤቶቿንም ለመነቻቸው። የየሰዉ ቤት ጉዝጓዝ በማዳበሪያ ተሞልቶ መጣ። አራት ጣት አድርገን መደቡን በሙሉ ሸፈንነው፣ የጎመኑን ግንድ ብቻ ትንሽ ክፍት አድርገን። የባህር ዛፍ ቅጠል ግን እንዳትጠቀሙ። ሲበሰብስ ሌላ ተክል እንዳይበቅል የሚያውክ ነገር አለው።

ባህር ዛፍ ካነሳሁ አይቀር፣ ከጋሼ ግቢ ጋር ባለው ድንበር ሦስት ባህር ዛፎች ቆመው ነበር። በዶማ አጥሩን ይዤ ቦይ ስቆፍር ክር የሚያካክሉ ቀላ ያሉ ሥሮች ከቆስጣው ሥር ወጡ። እናቴ ቆስጣ አጠጣለሁ ስትል ባህር ዛፍ ታጠጣ ነበር። ቦዩን እስከ ጉልበቴ አወረድኩትና ሥሮቹን ቆረጥኩ። ጋሼን አስቀድሜ ጠይቄያቸዋለሁ። «ቁረጥ፣ እሱ አይሞትም» አሉኝ።

የማጠጫውን ሰዓት ከ10 ሰዓት ወደ ንጋት 12 ሰዓት አዞርነው። ንጋት ላይ ነፋስ የለም፣ ፀሐይ የለም፣ አፈሩ ቀዝቃዛ ነው። ምሽት ለምን አይሆንም የሚል ይኖራል። ይሆናል፣ ግን ቅጠሉን ካረጠባችሁ ሌሊቱን እርጥብ ሆኖ ያድራል። የአዲስ አበባ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፣ ለቲማቲምም ለድንችም የቅጠል በሽታ ይጋብዛል። ጎማውን ጠቅልለን ዕቃ ቤት አስገባነው። ከዚያ ወዲያ በጆግ ሆነ።

አጠጣጡም ተለወጠ። በየቀኑ መሆኑ ቀርቶ በሦስት ቀን አንዴ፣ ግን ጠገብ አድርጎ። 16 ካሬ ለሚሆነው ጎመንና ቆስጣ አሥር ጀሪካን። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ጎድጓዳ ግማሽ ጆግ ሰጥተን መደቡን በሙሉ እንዞራለን። ስንመለስ የመጀመሪያው ገብቶ አፈሩ ለስልሷል። ያኔ የቀረውን እንሰጠዋለን። ዋልካ ደርቆ ሳለ በአንዴ ብታፈስበት ላዩ ያብጥና ይደፈናል፣ ውሃው ከላይ ቆሞ ይቀራል። ሁለት ዙር ማድረጉ ጊዜ ይበላል። ግን በሁለተኛው ሳምንት ቢላውን ስሰደው እስከ እጀታው ገባ፤ ያወጣሁት ቁራጭም እስከ ታች ጥቁር ነበር። ያን ቁራጭ ለእናቴ ሳሳያት በእጇ ይዛ ጨመቀችው፣ አሸተተችውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳታጠጣ በፊት ቢላ መስደድ ልማዷ ሆነ። ርጥበት ካለ ያን ቀን ትዘላለች።

ያልተሟሸው ማሰሮ

ቲማቲሙ ሌላ በሽታ ነበረበት። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ታቹ ይጠቁርና እንደ ቆዳ ይደርቃል። አንድ ሱቅ መድኃኒት ሸጠውላት ሁለት ጊዜ ረጭታለች። መድኃኒቱ ለዚህ አይሠራም። ይህ ትል ወይም ፈንገስ ያመጣው አይደለም። ውሃው አንድ ቀን በዝቶ አንድ ቀን ሲጠፋ ካልሲየም በበቂ ሁኔታ ከፍሬው ጫፍ አይደርስም፣ ጫፉ ይሞታል። መፍትሔው የማይቆራረጥ እርጥበት ነው።

መጀመሪያ የሃይላንድ ጠርሙስ ሞከርን። ክዳኑን በመርፌ በስተን ደፍተን ቀበርነው። በሦስት ቀን ጭቃው ቀዳዳውን ደፈነው። ቀዳዳውን ስናሰፋው ደግሞ በአንድ ሰዓት ባዶ ሆነ። ዋልካ ላይ ይህ ዘዴ አልሆነልንም። አሸዋማ ወይም ቀይ አፈር ያለው ሰው ጓሮ ላይ ሲሠራ አይቻለሁ።

ቀጥሎ ማሰሮ መጣ። የሸክላ ማሰሮ እስከ አንገቱ ቀብሮ ውሃ መሙላት አዲስ ነገር አይደለም፤ ቻይናውያን ከ2,000 ዓመት በፊት ያደርጉት ነበር። ውሃው በሸክላው ላብ እየሆነ ይወጣል። አፈሩ ሲደርቅ ይስበዋል፣ አፈሩ ሲረጥብ ይቆማል። ራሱን በራሱ ይቆጣጠራል ማለት ነው። ከዕቃ ቤት የእናቴን አሮጌ ማሰሮ አወጣሁና ቀብሬ ሞላሁት። በማግስቱ ጠዋት ክዳኑን ሳነሳ ውሃው ከነበረበት ፍንክች አላለም። ዙሪያውን ብቆፍር አፈሩ ደረቅ ነው።

እናቴ መጥታ አየችው። «ይኼ እኮ የተሟሸ ነው» አለች። «ዓመታት ወጥ የሠራሁበት ማሰሮ እንዴት ያልባል?»

ልክ ነበረች። ማሰሮ የሚሟሸው እንዳያፈስ ነው። ዘይቱና ምግቡ የሸክላውን ቀዳዳ ደፍኖታል። እኔ የምፈልገው ተቃራኒውን ነው።

ቀጨኔ ሄድኩ። የሸክላ ሠሪ እናቶች ያሉበት ሰፈር ነው፤ ሥራውን ከእናት ወደ ልጅ እያወረዱ የኖሩ ናቸው። አንዲት እናት ጋ ቀርቤ ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ ተተኩሶ ያልተሟሸ፣ ምንም ያልተቀባ ማሰሮ አለዎት?»

«ለምን ብለህ ነው ልጄ? ያፈሳልኮ።»

«እንዲያፈስ ነው የምፈልገው፤ ለቲማቲም ነው።»

ሲገባቸው ራሳቸው መርጠው ሰጡኝ። አንዱን በጣታቸው እያንኳኩ ድምፁን ሰሙ፤ የተሰነጠቀ ከሆነ ድምፁ ይለያል። ስስ የሆኑትን ለዩልኝ። አሥር አሥር ሊትር ገደማ የሚይዙ ስድስት ማሰሮዎች ይዤ ተመለስኩ።

ሳንቀብራቸው ፈተንናቸው። ውሃ ሞልተን በረንዳ ላይ ደረደርናቸው። ሩብ ሰዓት ያህል ምንም የለም። ከዚያ የአንዱ ሆድ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ታየ። ነጥቡ ሰፋ፣ ሌላ ነጥብ ጋ ገጠመ፣ ቀስ እያለ ቀዩ ሸክላ ወደ ቡናማ ዞረ። በሰዓቱ መጨረሻ እጄን ሳሳርፍበት እንደ ላብ ነው፤ ጠብ አይልም ግን እጅ ያርሳል። ስድስቱም አላባቸው። እናቴ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር የምታየው።

ቀበርናቸው። በየማሰሮው ዙሪያ፣ ከሆዱ አንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ሆነ። ትንኝ እንዳይራባበትና እንዳይተን አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ከደንነው። በሦስት ቀን አንዴ ስንሞላው በአማካይ ስድስት ሊትር ተኩል ይወስዳል። ስድስቱ ተደምረው በቀን 13 ሊትር ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚያፈራው ቲማቲም ታቹ መጥቆሩን አቆመ። አሮጌዎቹ ፍሬዎች አልዳኑም፣ ጣልናቸው። ብዙ ጓሮ አይቻለሁ፤ በዚህ ዋጋ እንደ ማሰሮ የሠራልኝ ነገር የለም።

የልብስ ውሃና አንድ ስህተቴ

የልብስ ማጠቢያው ውሃ ለጓሮ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። በሳምንት ሁለቴ ይታጠባል፣ 60 ሊትር ያህል በእያንዳንዱ። ከቃሪያዎቹ አንዱን ረድፍ በእሱ አጠጣን። በሁለት ሳምንት የቅጠሉ ጠርዝ ተቃጠለ፣ አፈሩም ላይ ነጭ ነገር ጣለ፣ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ጠጠረ። የዱቄት ሳሙና ውስጥ ሶዲየም አለ። ሶዲየም ደግሞ የዋልካን አፈር ያፈራርስና ውሃ እንዳያስገባ ያደርገዋል። በረኪና ካለበት ይብሳል። ያ ረድፍ አልተነሳም። ስህተቱ የእኔ ነው፤ እናቴ «ሳሙና ነው እኮ» ብላኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ገለበጥነው። የኦሞው ውሃ በበርሜል ይጠራቀምና ለሽንት ቤት ይሆናል። ሽንት ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ6 እስከ 9 ሊትር ንጹህ ውሃ ነበር የሚውጠው። ያ ንጹህ ውሃ ሮቶው ውስጥ ይቀራል። ጓሮው የሳሙና ውሃ ሳይቀምስ ከልብስ ማጠቢያው ተጠቀመ ማለት ነው። የጎመንና የድንች ማጠቢያ፣ የምስርና የሩዝ እጥበት ግን በቀጥታ ወደ ጎድጓዳው ይሄዳል። ዘይት የነካው የሳህን እጥበት አይሄድም።

አቮካዶው አጭር ታሪክ ነው። በአሥር ቀን አንዴ ሁለት ጀሪካን፣ ከግንዱ ራቅ ብሎ ቅርንጫፉ በሚያርፍበት ክብ ላይ፣ ቀስ ተብሎ። ዙሪያው ጉዝጓዝ። ቅጠል ጣለ፣ ግን ተረፈ።

የካቲት ሲያልቅ ደብተሬ ላይ ያለው ይህ ነው። ጎመንና ቆስጣ በቀን ሲታሰብ 67 ሊትር፣ ማሰሮዎቹ 13፣ አቮካዶ 4፣ ለችግኝ አንድ ሊትር ገደማ። ድምሩ 85። ሮቶው ሰባት ቀን ደርሶ ቀጣዩ ፈረቃ ሲመጣ 200 ሊትር ያህል ታቹ ላይ ይተርፍ ነበር። በጋሪ የሚመጣው ውሃ ቀረ። ጾሙ የካቲት 28 ሲገባ ጎመኑ በየአምስት ቀኑ ይቀጠፍ ነበር፤ ቅጠሉ ከወትሮው አነስ ያለ ነው፣ ጠንከር ይላል፣ ጣዕሙ ግን ጥሩ ነው። ማለዳ አሥር ጀሪካን በጆግ ማጠጣት ሁለት ሰው ሆኖ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ወገብ ያማል። እናቴ ብቻዋን ልትችለው አትችልም ነበር፤ የጎረቤት ልጅ ተራ እየገባ ያግዛት ነበር፣ ጎመን ይዞ ይሄዳል።

ዝናቡ ሚያዝያ ላይ መጣ። ሲመጣ ደግሞ ጨክኖ መጣ። ሌሊት ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሁላችንም ነቃን። ግቢ ውስጥ ቀጥ ያለ የወተት ጣሳ አስቀምጬ ነበር። ጠዋት በማስመሪያ ስለካው 18 ሚሊ ሜትር ሆነ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። ጣሪያችን 70 ካሬ ነው። ያን አንድ ሌሊት ብቻ 1,260 ሊትር ከጣሪያችን ወርዷል፤ ሮቶውን ከግማሽ በላይ ይሞላው ነበር። አሸንዳው ሥር ያለን ግን አንድ 200 ሊትር በርሜል ነው። የቀረው በበሩ ሥር አልፎ መንገድ ላይ ፈሰሰ። እናቴ ሌሊቱን ሳፋውን፣ ባልዲውን፣ የሊጥ ቡሃቃውን ሳይቀር አውጥታ ከጣሪያው ጫፍ ሥር ደርድራ ነበር።

ዋልካው ሲጠጣ አበጠ። ባበጠ ጊዜ ከስድስቱ ማሰሮ ሁለቱን ጨፍልቆ ሰነጠቃቸው። ሳውቅ ኖሮ ዙሪያቸውን በአሸዋና በብስባሽ ሞልቼ ክፍተት እተውላቸው ነበር። በግንቦት ቀጨኔ ተመልሼ ሁለት አመጣሁና እንደዚያ አድርጌ ቀበርኳቸው። እኒያ እናት አወቁኝ፤ «የቲማቲሙ ልጅ» አሉኝ። ሰኔ ሳይገባ ደግሞ ሁለተኛ ሮቶ ከአሸንዳው ሥር ተቀመጠ፣ የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ ይዞ እንዳይገባ ማፍሰሻ ተሠራለት። የተሰበሩትን ማሰሮዎች እናቴ አልጣለቻቸውም። ስብርባሪውን አሸንዳው የሚፈስበት ቦታ ላይ አነጠፈችው፣ ውሃው አፈሩን እንዳይቦረቡር።